ከምላጩ በፊት መርፌ፦ በአጠቃላይ የእንስሳት ክሊኒኮች የውሾችን የለስላሳ አካል ዕጢዎች ስለ ማከም

በደብረ ብርሃን ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



በበግ አገር ቆሞ ስለ ውሻ መናገር ጥቂት ማብራሪያ ሳያስፈልገው አይቀርም። ሰሜን ሸዋ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታሰበን የመንዝ በግ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ገብሱ፣ ከበጉ ጠጉር የሚሠራው ባና፣ ብርዱና ጭጋጉ ይመጣሉ። የሙያችን ሥልጠናም ይህንኑ ተከትሎ የተቀረጸ ነው። ተማሪው ስለ በግ የሳንባ ምች፣ ስለ ጉበት ትል፣ ስለ በሬ ትከሻ ቁስል በሰፊው ይማራል። ውሻ በመማሪያ ክፍል ውስጥ የራሱ ሰዓት ቢኖረውም ወደ ወረዳ ክሊኒክ ሲወረድ ግን ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በቀር በዓመቱ ዕቅድ ላይ ስሙ እምብዛም አይነሣም።

በባህላችንም ውሻ ደጅ የሚያድር፣ ወደ ማጀት የማይዘልቅ፣ ቢሞት የማይለቀስለት ፍጡር ነው። ሆኖም ከአንኮበር ቁልቁለት አፋፍ ላይ በረት ያለውን ገበሬ ጠይቁት። ሌሊት ከጅብና ከነብር፣ ቀን ከቀበሮ መንጋውን የሚጠብቅለት ማን እንደ ሆነ ሳያመነታ ይነግራችኋል። አንድ በግ በገበያ የታወቀ ዋጋ አለው። ሃያ በግ የሚጠብቅ ውሻ ግን የሚሸጥበት ገበያ ስለሌለ ዋጋ የሌለው ይመስላል። የሒሳብ መዝገባችን የማያውቀውን ይህን ዋጋ የበጎቹ ባለቤት ውሻው ሲታመም ያውቀዋል፤ ስለዚህም ነው አንዳንዱ የታመመ ውሻውን በገመድ እየሳበ በእግሩ ብዙ ሰዓት ተጉዞ ወደ ክሊኒክ የሚመጣው።

ዛሬ የምናገረው በውሻ ቆዳ ሥር፣ በጡንቻና በጅማት መካከል፣ እንዲሁም በብልት አካባቢ ስለሚበቅሉ ዕጢዎች ነው። የምለውም ነገር አንድ ነው፦ የእነዚህ ውሾች ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው እባጩን መጀመሪያ በዳሰሰውና መጀመሪያ በቆረጠው እጅ ነው። ያ እጅ ደግሞ የዚህ አዳራሽ ሰዎች እጅ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አንድ የከተማ ክሊኒክ ያላወቀውን ዕጢ ወደ ልዩ ሐኪም ይልከዋል፤ በቀዶ ሕክምና ያልወጣውን ቅሪት በጨረር ያክሙታል። እኛ ግን ውሻን ለጨረር ሕክምና ብለን የምንልክበት ስፍራ የለንም። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ከተበላሸ ብዙ ጊዜ የሚያርመው የለም።

ስለ ቃላት ጥቂት ልበል፤ ቃላቱ ስለሚያሳስቱን ነው። የውሻው ባለቤት «እባጭ» ወይም «ብጉንጅ» ይላል። በብብትና በጉያ የሚገኝ ሲሆን «ንፍፊት» ይለዋል፤ የከፋ መስሎ ከታየው «ነቀርሳ»። እኛ የተማርነው ሰዎች ደግሞ «ዕጢ» የሚለውን ቃል ለጤነኛው ምራቅ አመንጪ አካልም፣ አላግባብ ለበቀለውም ሥጋ እንጠቀምበታለን። ዛሬ ዕጢ ስል ሁለተኛውን ማለቴ ነው። «ለስላሳ አካል» ስል ደግሞ አጥንት ያልሆነውን፣ ሌላውን አካል አቅፎና አያይዞ የሚኖረውን ሁሉ፦ ስቡን፣ ጡንቻውን፣ ጅማቱን፣ የነርቭና የደም ሥር ሽፋኑን ነው።

በክሊኒካችን ከምናየው የውሻ እባጭ ብዙው ዕጢ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። እርስ በርስ ተናክሰው መግል የቋጠረ ቁስል አለ፤ ድንጋይ ወይም ዱላ ያሳበጠው፣ ደም የቋጠረ አለ፤ መዥገር የቆየበት አለ፤ በጉያ በኩል አንጀት ወደ ቆዳ ሥር የወጣበት አለ። ይህን የመጨረሻውን ብጉንጅ ነው ብሎ በምላጭ የበጣ ሰው ምን እንደሚከተል መገመት ያስቸግራል አልልም። የመግል እባጭ ይሞቃል፣ ያማል፣ በቀናት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። ዕጢ ብዙውን ጊዜ አያሞቅም፣ አያምም፣ በዝግታ ያድጋል። አለማመሙም ነው ባለቤቱንም ባለሙያውንም የሚያዘናጋው። «ይብላል እንጂ አላመመውም፣ እንየው» እየተባለ ግማሽ ዓመት ያልፋል። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መለኪያ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው፦ እባጩ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነና ከአንድ ወር በላይ ከቆየ መርፌ ይግባበት።

ይህ መርፌ ምንድን ነው? ለክትባት የምንጠቀምበት ተራ መርፌ ነው። ቁጥሩ 22 የሆነውን መርፌ ወስዶ ወደ እባጩ ማስገባት፣ ሦስት አራት አቅጣጫ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማመላለስ፣ ከዚያ በአየር የተሞላ ሲሪንጅ ገጥሞ በመርፌው ውስጥ የገባውን ጥቂት ነገር ስላይድ ላይ መንፋት፣ በሌላ ስላይድ በቀስታ ማሰራጨት፣ ፈጥኖ ማድረቅ፣ በሜታኖል ማጽናት፣ በጊምሳ ማቅለም። ጊምሳ የለንም የሚል ክሊኒክ ብዙ አላውቅም፤ የደም ጥገኛ ተሕዋስያንን ለመፈለግ በየመደርደሪያው አለ። ማይክሮስኮፕም እንዲሁ። የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን ያለውን መሣሪያ ወደ ውሻው እባጭ ማዞር ነው። ማደንዘዣ አያስፈልግም፤ አፉ በጨርቅ መታሰር ግን አለበት።

በማይክሮስኮፑ ሥር የምናየው ነገር መንገዱን ይከፍላል። ስላይዱ ላይ ያለው አልደርቅ ብሎ እንደ ቅቤ የሚያብለጨልጭ፣ በሜታኖል ሲነከር ታጥቦ የሚሄድ ከሆነ የስብ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም፤ ለመራመድ ካላስቸገረው በቀር ውሻውን ትተነው ባለቤቱን ማረጋጋት ይበቃል። ሐምራዊ ፍሬፍሬ የሞላባቸው ክብ ሕዋሳት ከታዩ የማስት ሕዋስ ዕጢ ነውና እባጩን መጭመቅና ማሸት ይቅር፤ ሕዋሳቱ ሂስታሚን ይለቃሉ፣ አካባቢው ያብጣል፣ ውሻውም ሊዳከም ይችላል። ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ዕጢዎች ይቀራሉ፤ ጊዜዬን ሁሉ የምሰጠው ለእነርሱ ነው። አንዱ ያለ ምላጭ የሚድን ነው፤ ሌላው ያለ ምላጭ የማይድን ነው። እነዚህን ሁለቱን ማደባለቅ በሁለቱም በኩል ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ተላላፊው የብልት ዕጢ ነው። ውሾች እንደ ልባቸው በሚዘዋወሩበትና በማይኮላሹበት አገር ሁሉ ይህ በሽታ አለ፤ የእኛም አገር እንዲሁ ነው። ባለቤቱ የሚያመጣው ታሪክ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ደም ይሸናል» ወይም «ሴቷ ወቅቷ አላባራ አላት»። ቆዳውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገን ስናይ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ቀይ፣ ሲነኩት የሚፈርስና የሚደማ ሥጋ እናገኛለን። ውሾች ብልት ስለሚያሸቱና ስለሚልሱ በአፍንጫም ሊበቅል ይችላል። ከአፍንጫው በአንድ በኩል ደም የሚወጣ ውሻ ሲመጣ በደጋው በመጀመሪያ አልቅት ፈልጉ፤ አልቅት ካልተገኘ ይህን ዕጢ አስቡ።

የበሽታው ጠባይ ከአብዛኛው ካንሰር የተለየ ነው። በቫይረስ አይደለም የሚተላለፈው፤ የሚተላለፈው ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው። ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው በግንኙነት ጊዜ ይሸጋገርና እንደ ችግኝ ይጸድቃል። ሩስያዊው የእንስሳት ሐኪም ምስቲስላቭ ኖቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1876 ይህን ዕጢ ከውሻ ወደ ውሻ ማዛመት እንደሚቻል በሙከራ ሲያሳይ በካንሰር ምርምር ታሪክ ትልቅ በር ከፈተ። ጤነኛ የውሻ ሕዋስ 78 ክሮሞሶም አለው፤ የዚህ ዕጢ ሕዋስ ግን ከ57 እስከ 64 ብቻ ነው፤ በየትኛውም አህጉር ካለ ውሻ ቢወሰድ። የዘር ውርሱን የተነተኑ ተመራማሪዎች ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት በእስያ ከአንድ እንስሳ ተነሥቶ ዓለምን እንደ ዞረ ገምተዋል። ያ እንስሳ ከሞተ ሺህ ዓመታት አለፉ፤ ሕዋሱ ግን ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በሚተኛ ውሻ ላይ ይኖራል። በሙያዬ ካጠናሁት ነገር ሁሉ እንዲህ የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው።

በስላይድ ላይ ለመለየት አያስቸግርም። ሕዋሳቱ ክብ ናቸው፤ ኒውክሊየሳቸው ክብ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ በሆነው የሕዋሱ አካል ጠርዝ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ጥቃቅን ባዶ ክቦች ይታያሉ። እነዚያን ክቦች አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳቸውም።

ሕክምናው ቪንክሪስቲን ነው። በሰው ካንሰር ሕክምና የታወቀ መድኃኒት ነው። በውሻ ክብደት በኪሎ 0.025 ሚሊግራም፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በደም ሥር ይሰጣል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ግማሽ ሚሊግራም ማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊግራም አይበልጥም። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ደሙ ይቆማል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ዕጢው ይጠፋል። ከ10 ውሾች 9 ያህሉ በዚህ ይድናሉ። ካንሰርን በአራት መርፌ ማዳን በሌላ የሕክምና ዘርፍ የት ይገኛል? ይህን ዕጢ በምላጭ ማንሣት ግን ሲደማ ይውላል፣ ደጋግሞም ይመለሳል፤ ከዚህም በላይ የምላጩ ጫፍና ጓንቱ ሕዋሱን ወደ ጤነኛው ሥጋ ሊያሸጋግሩት ይችላሉ።

ስለ ቪንክሪስቲን አደጋ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሥጋ ከፈሰሰ ሥጋውን ይገድለዋል፤ ውሻው እግሩን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ካኑላ ይደረግ፤ በመጀመሪያ የጨው ፈሳሽ ገብቶ መንገዱ መከፈቱ ይረጋገጥ፤ የሚወራጭ ውሻ ላይ በቀጥታ በመርፌ መስጠት ክልክል ይሁን። ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስ ከየሳምንቱ መርፌ በፊት በደም ስላይድ ይቈጠር፤ ከ4,000 በታች ከወረደ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ይገባል። ጓንት ሳይደረግ አይነካ። ነፍሰ ጡር የሆነች ባለሙያ በሥራው ላይ አትመደብ። ባለቤቱም ለጥቂት ቀናት የውሻውን ሽንትና ዓይነ ምድር በባዶ እጁ እንዳይነካ፣ ልጆችም እንዳይቀርቡት ይነገረው። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ከሌላ ቆሻሻ ጋር የሚጣል አይደለም። ይህን ሁሉ ማሟላት የማይችል ክሊኒክ መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ወደሚችለው መላክ ይሻላል፤ ጉዳዩ የሰዎችም ደኅንነት ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሳርኮማ ልሻገር። እንደ ፋይብሮሳርኮማ ያሉና ከነርቭ ወይም ከደም ሥር ሽፋን የሚነሡ ብዙ ዓይነቶች በዚህ ስም ይጠቃለላሉ፤ ጠባያቸው ስለሚመሳሰል በክሊኒክ እንደ አንድ ማየት ይቻላል። ዕድሜው የገፋ ውሻ ላይ፣ በትከሻ፣ በጎን ወይም በእግር፣ ጠንከር ያለ፣ የማያም፣ በዝግታ የሚያድግ እባጭ ነው። ሕዋሳቱ ረዘም ብለው ሁለቱ ጫፋቸው የሾለ ስለ ሆነ እንዝርት ይመስላሉ፤ እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበትን እንዝርት ያየ ሰው ይለያቸዋል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ ሳርኮማ በመርፌ ሕዋሱን በቀላሉ አይለቅም። ስላይዱ ባዶ ሆኖ ቢገኝ «ዕጢ የለም» ማለት አይደለም። እባጩ ጠንካራና እያደገ ያለ ከሆነ ሁለተኛ መርፌ፣ ከዚያም ትንሽ ቁራጭ በባዮፕሲ መውሰድ ይገባል። የባዮፕሲውም ቁስል ኋላ ሙሉው ዕጢ ሲወጣ አብሮ እንዲቆረጥ በዚያው በቀዶው መስመር ላይ ይሁን።

የሳርኮማ ተንኮል ሽፋኑ ላይ ነው። ሲያድግ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም ሥጋ ልስልስ ያለ ነጭ ልባስ ሆኖ ይታያል። ቆዳውን የከፈተ ሰው ጣቱን ሲያስገባ ዕጢው ከልባሱ ውስጥ እንደ እሸት ባቄላ ከፍሬ ማቀፊያው ተፈልቅቆ ይወጣለታል። ደም እምብዛም የለም፣ በሃያ ደቂቃ ያልቃል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። ዳሩ ግን ያ ልባስ ራሱ የዕጢው ክፍል ነው፤ ከእርሱም አልፈው እንደ ሰርዶ ሥር በየአቅጣጫው የተዘረጉ ሕዋሳት ቀርተዋል። ሰርዶን ከላይ የነቀለ ገበሬ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ስለዚህ ትክክለኛው ቀዶ ዕጢውን ሳያይ የሚወጣ ነው፦ በሁሉም ጎን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳና ሥጋ፣ ወደ ታች ደግሞ ዕጢው ያልነካውን አንድ የጡንቻ ልባስ ጨምሮ፣ ሁሉንም በአንድነት ማንሣት። ምላጩ ነጩን ልባስ ካየ መንገዱን ስቷል።

ይህን በትከሻና በጎን ላይ ማድረግ ይቻላል፤ የውሻ ቆዳ እዚያ ሰፊ ነው። ከክርን በታች ግን ቁስሉን የሚሸፍን ቆዳ የለም። እዚህ ላይ መጽሐፍ ያነበበ ወጣት ሐኪም ተስፋ ሊቆርጥ ይችላልና የሚያጽናና ነገር ልጨምር። በብሪታንያ እንደ እኛ ባሉ አጠቃላይ ክሊኒኮች በተራ ሐኪሞች የተቀደዱ፣ የእንዝርት መሰል ሕዋስ ዕጢ የነበረባቸው 104 ውሾች ተከታትለው የተጠኑበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ዕጢው በስፍራው የተመለሰባቸው ከሩብ ጥቂት የሚበልጡት ናቸው። ብዙዎቹ ዕጢዎች ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ስለ ሆኑ፣ በተለይ በእግር ላይ፣ ጠበብ ያለ ቀዶም አንዳንድ ጊዜ ይበቃል። ግን የቱ ዝቅተኛ የቱ ከፍተኛ እንደ ሆነ በዓይን አይለይም፤ በፓቶሎጂ ምርመራ ነው የሚለየው። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ከ10 ውሾች በአንዱ እንኳ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ከፍተኛው ግን ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ በደም በኩል ወደ ሳንባ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀዶ በፊት ውሻው ያስል እንደ ሆነ፣ ከስቶ እንደ ሆነ መጠየቅና ደረቱን ማዳመጥ አይዘለል፤ የደረት ራጅ የሚገኝ ከሆነ ይነሣ።

ከአንኮበር በኩል የመጣ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ዘጠኝ ዓመት የሞላው የበረት ውሻ ነበር፤ ባለቤቱ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ትከሻው ላይ የነበረው እባጭ በአንድ ክሊኒክ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ጊዜ ተፈልቅቆ ወጥቷል፤ ስላይድ አልተሠራም፣ የወጣውም ሥጋ ተጥሏል። የቆረጠው ባለሙያ ያደረገው የተማረውን ነውና ስሙን አላነሣም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ የብርቱካን ያህል ሆኖ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። አባት ሆይ፣ መቼ ነው የጀመረው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ በቆረጣችሁት ቁጥር እሱ እየፈጠነ መጣ» አሉኝ። ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ አስተውለዋል። የቀረው ምርጫ የፊት እግሩን ከነትከሻው ማንሣት ብቻ ነበር። በሦስት እግሩ የሚሄድ ውሻ መራመድ እንደሚችል ነገርኋቸው። «ጅብ ይመልሳል?» አሉ። ይመልሳል ልላቸው አልቻልሁም። ውሻቸውን ይዘው ተመለሱ። ያ እባጭ መጀመሪያ ሲታይ የዋልያ ፍየል ቀንድ የሚያህል ጥበብ አልጠየቀም ነበር፤ መርፌ፣ ስላይድና በብዕር በቆዳው ላይ የተሰመረ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃው ነበር።

ስለ ቀዶው አሠራር ረጅም ነገር አልናገርም፤ አብዛኞቻችሁ ዛይላዚንና ኬታሚን ታውቃላችሁ። በሽማግሌ ውሻ ላይ ዛይላዚኑ ይቀነስ፣ ልቡ ይደመጥ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል፤ የተደነዘዘ ውሻ ከምላጩ ይልቅ በብርዱ ሊሞት ይችላል። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ በጎኑ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። አንዱን ዕጢ የቆረጠ ምላጭና ጓንት ወደ መስፋቱ አይሻገር፤ ይለወጥ።

የወጣው ሥጋ ግን አይጣል። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የመጣሁበት ተሳክቷል። በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ ከሥጋው አሥር እጥፍ በሚሆን መጠን ይነከር፤ በመድኃኒት ቤት ከሚሸጠው አንድ እጅ ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውሃ ማለት ነው። ወፍራም ከሆነ ፎርማሊኑ እንዲዘልቀው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እየተራራቀ ይበጣ። ወደ ራስ በኩል የነበረው ጠርዝ በአንድ ክር፣ የታችኛው በሁለት ክር ምልክት ይደረግበት፤ ምርመራው ጠርዙ ላይ ሕዋስ ቀርቷል ቢል የት እንደ ቀረ እናውቅ ዘንድ። የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ፓቶሎጂን ሲያስተምር ኖሯል። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደንብ የተከደነ ጠርሙስ መንገዱን ይችለዋል።

እንዳይደረግ የምለምነውም አለ። ዕጢን በጋለ ብረት መተኮስ፣ ቅጠል ጨምቆ ማሰር፣ በየሳምንቱ ፔኒሲሊን መውጋት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ገበሬው ያደርጋል፣ ሦስተኛውን እኛ እናደርጋለን፤ ከሦስቱ የእኛው ነው ይቅርታ የሌለው። ለሳርኮማ ቪንክሪስቲን መስጠትም እንዲሁ የውሻውን ዕድሜና የባለቤቱን ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ነገር ከርእሴ ትንሽ ቢወጣም ልናገር። በዚህ አገር ብዙ ውሻ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከሐኪም ፊት ይቆማል፤ ያም እባጭ ሲያወጣ ነው። ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይሰጠው አይመለስ። የአፉን ዕጢ ለማየት መንጋጋውን የሚከፍት ባለሙያም አስቀድሞ ራሱ የተከተበ መሆን አለበት። ጉዳዩ እስከ ጓሳ ይደርሳል። በመንዝ ጓሳ፣ በዚያ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ፣ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ዳግመኛም በ2003 እና 2004 ከውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ጨርሷል። የተላላፊውን ዕጢ ወንድ ውሻ ስናክም ማኮላሸቱን አብረን ብናደርግ ሴቶቹን ፍለጋ የሚዘዋወርበትን ርቀትም እንቀንሳለን።

ዕጢው ከአቅማችን በላይ በሚሆንበትም ጊዜ ሥራችን አያልቅም። ብዙ ሰው ውሻውን መግደል ኃጢአት ነው ብሎ ርቆ ወዳለ ገደል ወይም ገበያ ወስዶ ይጥለዋል። በአንዳንድ ከተሞችም ውሻ በመርዝ ይገደላል። በእኔ እምነት ሁለቱም በማደንዘዣ በሰላም ከማሳረፍ የከፉ ጭካኔዎች ናቸው። ይህን ለባለቤቱ በትዕግሥት፣ በሃይማኖቱ ላይ ሳንቆም፣ ልናስረዳው ይገባል። «አስብበት፣ ነገ ተመለስ» ማለትም ሕክምና ነው። ውሳኔው የእርሱ ነው።

ከአዳራሹ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ማይክሮስኮፕ አስቀምጠናል። በመጀመሪያው ሥር ተላላፊው የብልት ዕጢ አለ፤ እነዚያን እንደ ዶቃ የተደረደሩ ክቦች ፈልጉ። በሁለተኛው እንዝርቶቹ አሉ። ተማሪዎች ቅድሚያ ለወረዳ ባለሙያዎች ስጡ፤ ሩቅ መንገድ አለባቸው። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ታገኙኛላችሁ።